ጉዱ ካሳን ማን ይወደዋል?

ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቦ ጉዱ ካሳን ያልወደደ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ የዚያን ሰው ነገር በፍቅር ያነሡታል። እኔም ከልቦለድ ጸሐፊዎቻችን ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ሐዲስን ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ ደራሲን መውደድ ከአንባቢው የሚጠይቀው ነገር አለን?

«የለም» የሚሉ ወገኖች መልስ የሚናቅ አይደለም። ልቦለድ ስብከት አይደለም ይላሉ። የሐዲስ አማርኛ፣ የጎጃም ወግና ማዕረግ፣ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር በራሳቸው ደስ ያሰኛሉ። መልካም ነገር አንብቦ መደሰት ብቻውን አይበቃምን?

ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ደስታ ውስጥ ፍርድ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራት ልጃቸውን ሳይድሩ ሲያስቀሯት እንስቃለን፤ እናዝናለንም። ባላገሮቹ ከደንቡ በላይ አንገብርም ሲሉ ልባችን ከእነርሱ ጋር ነው። የአገሩን ልማድ የሚመረምረውን ካሳ ዳምጤን ሰው ሁሉ «ጉዱ» ብሎ ሲሣለቅበት እንቆጣለን። መሣቅም መቆጣትም መፍረድ ነው። ንጉሥ ዳዊት ነቢዩ ናታን የነገረውን የድሀውን በግ ታሪክ ሰምቶ በባለጠጋው ላይ የፈረደው፣ ባለጠጋው ራሱ መሆኑን ሳያውቅ ነበር። ታሪክ እንዲህ ነው፤ ለራሳችን ጥብቅና ሳንቆም ያስፈርደናል።

የምንፈርደው በወረቀት ላይ ባሉ ሰዎች ብቻ ከሆነ ግን ፍርዳችን ርካሽ ነው። ዛሬም አንዲት እህት አንድ ታማኝ ወንድም ላገባ ነው ስትል «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ የሸማኔ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በስብሰባ ላይ አንድ ወጣት «የተዋጣው ገንዘብ ሒሳብ ለምን አይነበብልንም?» ብሎ ሲጠይቅ አጠገቡ የተቀመጠው በክርኑ ይጎሽመዋል። በማግሥቱ ስም ይወጣለታል፤ «ነገረኛ ነው» ይባላል። ጉዱ ካሳን እንወዳለን ያልን ሰዎች ያን ጊዜ የት ነን?

እርግጥ ነው፣ ስም የወጣለት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ለመቃወም ሲል ብቻ የሚቃወምም አለ። ይህ ግን መስማትን አያስቀርም። ከእኛ የሚጠበቀው የሚናገረውን ሁሉ ማመን ሳይሆን፣ በሰውዬው ላይ ስም ከመለጠፍ በፊት ነገሩን መመዘን ነው።

ሐዲስ ራሳቸው ሥርዓቱን የተቹት ዳር ቆመው አይደለም። ኢጣሊያን ተዋግተዋል፤ ተማርከው በባዕድ አገር ታስረዋል፤ ኋላም በዚያው ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። የገዛ ቤታቸውን ሕመም ነው የጻፉት። የጎጃምን ወግና ቋንቋ እንዲህ አጣፍጦ መጻፍ የሚችለው የሚወደው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተግሣጻቸው ጥላቻ አይሸትም።

እንግዲህ እኚህን ደራሲ የምንወድ ከሆነ፣ የውዴታችን መፈተኛ መጽሐፉን ስንት ጊዜ እንዳነበብን አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ያ የማይመች ጥያቄ የሚጠይቀው ልጅ እጁን ሲያወጣ ክርናችሁን ሰብስቡ፤ እስኪጨርስም ስሙት።