የንጣቱ ከፋይ

ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ ወይም አንጋጫ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ጣሪያውና ግድግዳው አልቆ ወለል ላይ ሲደርስ ክርክር ይነሳል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ ሎኬሽን በሚሉት የከተማ ዳር ሰፈር ሱቅ ቆሞ የሚውለው ልጅ ቤቱን የሚያየው በስልክ በሚላክለት ፎቶ ነው፤ ለፎቶ ደግሞ ነጭ ወለልን የሚያህል የለም። አቅም ያለው እውነተኛውን የጣሊያን እብነ በረድ ያስባል፤ ሌላው የእሱን መልክ የተላበሰ ፖርሴሊን ይገዛል። ካራራ ይሁን ካላካታ ወይስ ስታቱዋሪዮ ብሎ መምረጥ የዓይን ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የእምነትና የምግባር ጉዳይም ነው እላለሁ፤ ነጭ ወለል አንዴ ተገዝቶ አያበቃምና። በየቀኑ ይከፈልበታል፤ የዕለቱን ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ ድንጋዩን የመረጠው ሰው አይደለም።

ሦስቱም የእብነ በረድ ዓይነቶች የሚወጡት ቶስካና ውስጥ ካራራ ከተማ አጠገብ ካሉት የአፑዋን ተራሮች ነው። ተራው ካራራ ንጣቱ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሥሮቹም ቀጫጭንና የተበታተኑ ናቸው፤ በብዛት ስለሚገኝ ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው። ካላካታ ነጣ ይላል፤ ሥሮቹ ወፋፍራም ናቸው፣ አንዳንዴም ወርቃማ። ስታቱዋሪዮ ስሙን ያገኘው ከሐውልት ነው፤ ጥራቱና ብርቅነቱ ዋጋውን ሰማይ አድርሶታል። ታዲያ ይህ ሁሉ የዋጋ ልዩነት የጥንካሬ ልዩነት አይደለም። ሦስቱም በዋናነት ካልሳይት ናቸው፤ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3 ሲሆን፣ በጫማ ሥር ተለጥፎ የሚገባው አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው፤ ስለዚህ አሸዋው ሦስቱንም ይጭራል። ገዢው ዋጋ የጨመረው ለብርቅነትና ለንጣት ነው፤ ንጣት ደግሞ በጨመረ ቁጥር ጉድፍን ይበልጥ ያሳብቃል። ካራራ በግራጫነቱ የሚሸፍነውን ጭረት ስታቱዋሪዮ አደባባይ ያወጣዋል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከዳለቲ የሚወጣው የአገራችን ድንጋይም ቢሆን እብነ በረድ ነውና ከዚህ ጠባይ አያመልጥም።

እስቲ ይህን ድንጋይ በሐምሌ ጭቃ ሆሳዕና ላይ እናስበው። እንግዳ ይገባል፣ ጀበና ይጣዳል፣ ባህላዊው ምግብ አተካና ከነቅቤው ይቀርባል። ቅቤው ከፈሰሰ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ሰርጎ ጥላ ይተዋል። ሎሚ ከተንጠባጠበ ነገሩ ይብሳል፦ አሲዱ የተወለወለውን ገጽ በልቶ የደበዘዘ ክብ ያስቀራል። ይህ እድፍ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ተበልቷል። በጨርቅም በሳሙናም አይለቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እንደገና በማሽን ሲወለወል ነው። ይህን የማታውቅ እመቤት በጉልበቷ ተንበርክካ የምትወለውለውን የቤት ሠራተኛ በስንፍና ትወቅሳለች። በረኪናና አቼቶ እንድትጨምር ታዛታለች፤ አቼቶው ደግሞ ጉዳቱን ያሰፋዋል። ለድንጋዩ ጠባይ ተጠያቂ የምትሆነው ድንጋዩን ያልመረጠችው ናት። ነቢዩ ኤርምያስ በዝግባ ቤቱን የሸለመውን ንጉሥ የከሰሰው ዝግባ ስለወደደ አይመስለኝም፤ ባልንጀራውን ያለ ደመወዝ ስላሠራ ነው። የእኛም ነጭ ሳሎን ከዚህ ሚዛን አያመልጥም። የንጣቱን ሂሳብ እንግዳውም ይከፍላል፦ ድሮ ባለቤት ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥብ ነበር፤ አሁን ለወለሉ ሲባል ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚፈታው እንግዳው ሆኗል። ጫማ ማውለቅ ለመቅደስና ለመስጊድ የምንሰጠው ክብር ነበር።

የሚቃወም ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ሊጠቅስብኝ ይችላል። ዳዊት ለቤተ መቅደስ ካዘጋጀው መካከል እብነ በረድ ነበረ፤ ውበትም ከእግዚአብሔር ነው። እውነት ነው፤ ድንጋዩን ማንም አልኮነነም። ነገር ግን መጽሐፈ አስቴር በእብነ በረድ የተነጠፈውን የሱሳን ግቢ ሲነግረን፣ በዚያ ግብዣ ላይ ከታላቅ እስከ ታናሽ የከተማው ሕዝብ ተጠርቶ እንደነበር አብሮ ይነግረናል። ጋባዡ ንጉሥ በብዙ ነገር የሚመሰገን አልነበረም፤ ወለሉ ግን ለሕዝብ እግር ተነጥፎ ነበር። ሰው እንዳይረግጠው ተፈርቶ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚኖር ሳሎን ከዚያ ግቢ ያነሰ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ተቃውሞ ነው። በ2008፣ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ሲነሳ ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። በዚያ ስጋት ውስጥ ገንዘብ ያጠራቀመ ልጅ በገዛ ላቡ የፈለገውን ድንጋይ ቢያነጥፍ ማን ሊወቅሰው ይችላል? እኔ አልወቅሰውም። የምጠይቀው ቤቱ ለማን ክብር እንደተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ “ለእናቴ” ነው። እናት ደግሞ የተወለወለ እብነ በረድ ውሃ ሲነካው እንደሚያዳልጥ ያወቀች ቀን ግድግዳ ይዛ መሄድ ትጀምራለች። ስለዚህ ክብሩ ለእሷ ከሆነ ምርጫውም ከእሷ እግር መጀመር አለበት። የጣሊያኑ ድንጋይ የግድ ከሆነ ተራውን ካራራ፣ ያውም የማያንጸባርቀውን ማት፣ ምግብ በማይደርስበት መኝታ ቤት ማንጠፍ ይቻላል። ለሳሎኑና ለማዕድ ቤቱ ሎሚ የማይበላው ማት ፖርሴሊን ይበቃል። ፖርሴሊን አስመሳይ ነው የሚል አለ፤ ነገር ግን ማስመሰል ውሸት የሚሆነው ባለቤቱ እብነ በረድ ነው ብሎ ሲናገር ነው። ዝም ካለ ሸክላ ነው፤ ጀበና ሲፈስበትም ማንም አይደነግጥም።