እምቦጩ የነገረን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው፣ ወረታ አካባቢ በስተግራ እስከ ጣና የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ማብቂያ አንድ ወጥ አረንጓዴ መስሎ ይታየዋል። ወደ ሐይቁ ሲጠጋ ግን አረንጓዴው ሁለት ነው፤ ወዲህ ሩዝ፣ ወዲያ እምቦጭ። ሩዙን የዘራው ገበሬው ነው። እምቦጩንስ?

ለመሆኑ ውኃ መታመሙ በምን ይታወቃል? ባሕር ያላቸው አገሮች በውስጡ የሚኖሩትን ይጠይቃሉ። አሜሪካውያን ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠረፎቻቸው የሚኖሩ ባለ ዛጎል እንስሳትን ሥጋ ይመረምራሉ፤ እንስሳው ውኃውን እያጣራ ሲመገብ መርዙ በሥጋው ይቀራልና። እኛ ባሕር ባይኖረንም ጣና አለን፤ ጣናም ምስክር አላጣም። የባርበስ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ፤ ወንዙ በደለል ሲደፈርስ፣ አፉም በመረብ ሲዘጋ ቁጥራቸው ይመነምናል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከዳርቻው እየሸሸ ነው። ሸሸርና ወለላ የተባሉት የፎገራ ረግረጎች እየተጠነፈፉ ሲታረሱ፣ በራሳቸው ላይ አክሊል ያላቸው ረጃጅም ወፎች ማደሪያቸው ጠበበ።

እነዚህ ሁሉ የተናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ እምቦጩ ግን ጮኸ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተደረገውን ሰፊ ዘመቻ ጨምሮ፣ ደጋግመን ዘመትንበት። ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። መነቀሉን አልነቅፍም፤ አረሙ የዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘግቷል፣ የከብቱን ግጦሽ ወርሷል። ይሁን እንጂ ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል በንጹሕ ውኃ እንዲህ አይሰባም። ቀለቡ ከተራቆተ ኮረብታ የታጠበ አፈር፣ ከማሳ የሚወርድ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚለቀቅ ፍሳሽ ነው። ጠላት ብቻ ሳይሆን መልእክተኛም ነበር ማለት ነው። መልእክቱ ስለ እኛ ስለሆነ መልእክተኛውን መጥላት ቀለለን።

«እኛ» ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ግን ራሴን ስጠይቅ ብዕሬ ይከብደኛል። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ነበር። ጎርፍ የሚተኛበትን ሜዳ የብዙ ቤተሰብ ጎተራ አደረገው። ወረታ አጠገብ አንድ አዛውንት ገበሬ አግኝቼ ስለ ረግረጉ ወፎች ብጠይቃቸው፣

«ልጄ፣ ይመለሱ ካልክ ይመለሱ፤ ማሳዬን ለነሱ ሰጥቼ እኔ የት ልግባ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እኔም ቤት እንጀራ ይሆናል፤ ሲረክስ ደስ ይለኛል። ወፉን የናፈቅሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋውን ይክፈሉ የምለው ግን እሳቸውን ነው። ስለ ተፈጥሮ የምንጽፍ የከተማ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፋለን፤ ወፍ የሚቆጥረው ሌላ፣ ረግረጉ ሲከለከል የሚራበው ሌላ ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ ሲመዘግብ ኮራን። ረግረጉን ሳያርስ ለሚተው ገበሬ ከእኛ ከበላተኞቹ ምን እንደሚገባው ግን በአደባባይ ስንከራከር አልሰማሁም። እኔም ብሆን አዛውንቱ እስኪጠይቁኝ ድረስ አላሰብኩበትም ነበር።