ሲጠየቁ ዝም ማለት

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይላሉ አበው። ይሁን እንጂ ባለ ሥልጣን ራሱ «ሐሳባችሁን ስጡ» ሲል ዝም ማለት ጥበብ ነውን?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የደንብ ረቂቃቸውን «ፌዴራል ሬጂስተር» በተባለው የመንግሥት ጋዜጣ አስቀድመው እንዲያስታውቁና የሕዝቡን አስተያየት እንዲመረምሩ ያዛል። ወታደራዊ ተግባር ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው። ሆኖም የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ለተኩስ ልምምድ የሚከለል የውኃ ክልል ሲኖር፣ ረቂቁን ለአስተያየት ያቀርባል።

በዚያ ውኃ ዓሣ አጥምዶ የሚያድር ሰው አለ። የአገር መከላከያ ለሁሉ እንደሚበጅ እርሱም አይክድም። ነገር ግን ጀልባው በየትኛው ሰዓት ማለፍ እንዳለባት የሚያውቀው መኮንኑ ሳይሆን እርሱ ነው። ማስታወቂያው ያልደረሰው ሰው አይወቀስም፤ ደርሶት እያወቀ ዝም ያለ ግን ከስሕተቱ ድርሻ አለው። አስተያየቱን ተቀብሎ ሳያነብ የሚያልፍ ሹም ደግሞ ጨርሶ ካልጠየቀው ይልቅ ይበድላል፤ በመጠየቁ ተስፋ ሰጥቶአልና።

ጦር ምስጢር ያስፈልገዋል። ምስጢር ያልሆነውን ከሚነካው ሰው መሰወር ግን ጥበቃ ሳይሆን ንቀት ነው። እንግዲህ ከልብ መጠየቅ የሹም፣ የሚያውቁትን በቅንነት መናገር የዜጋ ዕዳ ነው።