«አይታየኝም» ሲለን

አንድ ሰው «አይታየኝም» ቢለን፣ እኛ በእርሱ ዓይን ማየት ሳንችል እውነቱን ነው ወይስ ይዋሻል ብለን የምንፈርደው በምን መለኪያ ነው?

ልጅ ሳለሁ አብሮን የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ያለችውን መርፌ አይቶ ያነሣል፤ ከእግሩ ሥር ያለውን ደረጃ ግን ስቶ ይወድቃል። «ሲያሻው ያያል፣ ሳያሻው አያይም» እያልን ስንስቅበት ውሸታም ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ሕመሙ ኦፕቲክ ነርቭ ሃይፖፕሌዢያ ይባላል፤ ይኸውም የእይታ ነርቭ ገና በማሕፀን ሳለ በሚገባው መጠን ሳያድግ መቅረቱ ነው። ዓይን ብቻውን አያይምና፣ ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ይህ ነርቭ በጤነኛ ሰው 1 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ክሮች አሉት። በእነዚህ ልጆች ክሮቹ ያነሱ ናቸው። አንዳንዱ ጨርሶ አያይም፤ አንዳንዱ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው እየታየው ከታች ያለው ይጠፋበታል። እንግዲህ መርፌውና ደረጃው አይጣሉም ነበር! መነጽርም ቢሆን ያልበቀለውን ክር አያበቅልም።

ከውጭ ሲያዩት ዓይኑ ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል። ሐኪም ግን በብሌኑ አሳልፎ በመሣሪያ ሲመለከት የነርቩን ራስ አንሶ ያገኘዋል። ይህን መሣሪያ ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ በጽሑፍ ያስተዋወቀው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ልጅ ማን አምኖት ይሆን?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁ፣ ጌታ በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። እኛ ግን ዛሬም «እናቱ ምን አድርጋ ነው?» እንላለን። የብዙዎቹ መንሥኤ ለሐኪሞችም አልታወቀም። እናት በሐሜት አፍራ ልጇን ብትደብቅ ደግሞ ጉዳቱ ከዓይን ያልፋል፤ በአንዳንዶቹ ከአንጎል ሥር ያለው የሆርሞን ዕጢም ስለሚታወክ እድገታቸው ይገታል፣ ሳይታከሙ ከቀሩም ትኩሳት እንኳ ለሕይወታቸው ያሰጋል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያን ጓደኛዬን አግኝቼ «የማይታይህ ቦታ ጥቁር ነው?» አልሁት። «አንተ ከጀርባህ ያለው ጥቁር ሆኖ ይታይሃል?» አለኝ። ለካ የጎደለው ነገር መጉደሉን እርሱም ያወቀው ሲወድቅ ኖሯል።

ይቅርታ ጠይቄው አብረን ስንወጣ ክንዱን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። «አትያዘኝ፤ ደረጃው ስንት እንደ ሆነ ብቻ ንገረኝ» አለኝ። ስድስት ነበር።