ራስን ስለ መቻል

ራሱን የቻለ ሰው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ወጣቶች አቅርቤ የሰማሁት መልስ ከሞላ ጐደል አንድ ነው፤ ይኸውም አለቃ የሌለበት፣ የወር ደመወዝ የማይጠብቅ፣ በገዛ ሱቁና በገዛ ገንዘቡ የሚያዝ ሰው ነው ይላሉ። መልሱ የሚናቅ አይደለም። ከሰው እጅ ጠብቆ የሚኖር ሰው አሳቡን እንኳ እንደ ልቡ ለመናገር አይደፍርም፤ እውነት አፉ ላይ ከደረሰች በኋላ እንጀራውን አስቦ መልሶ ይውጣታል። ስለዚህ ወጣቱ የራሱን ሥራ ለማቋቋም ሲመኝ የገንዘብ ፍቅር ያዘው ብዬ አልወቅሰውም። በምኞቱ ውስጥ የክብር ጥማት አለበት።

ዳሩ ግን አለቃ የሌለበት ነጋዴ በገበያው ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁም። ባለሱቁ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው አከፋፋይ አለበት፤ የቤት ኪራይ አለበት፤ ግብር አለበት፤ እቁብ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚቀር ደንበኛ አለበት። ደመወዝተኛው አንድ አለቃ ቢኖረው ነጋዴው ሃያ አለው። እንግዲህ ነጻነቱ ከወዴት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ነጻነቱ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጁ ካለው ገንዘብ የራሱ የትኛው፣ የሰው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ በማወቁና በዚያው ልክ በመኖሩ።

በቀድሞ ዘመን የራስን ሥራ ለመያዝ ትልቁ እንቅፋት እፍረት ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ በሙያው ይሰደብ ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። በዚያው ዘመን ገደማ በአዲስ አበባ የእቴጌ ሆቴል ሲከፈት፣ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና የሚመጣ ሰው ቢጠፋ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ አስለመዱ ይባላል። ዛሬ ይህ እፍረት ጨርሶ ባይጠፋም ቀሎአል፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ድንች ቢሸጥ ጥቂት ያሙታል እንጂ አያወግዙትም። በዚህ ነገር ብዙ አልቈይም። የዛሬው እንቅፋት በሱቁ ደጃፍ ላይ የለም፤ በመሳቢያው ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ወጣት የ10,000 ብር ዕቃ በዱቤ አምጥቶ በ11,500 ብር ሸጠ እንበል። ማታ መሳቢያውን ሲከፍት 1,500 ብር አያይም፤ የሚያየው 11,500 ብር ነው። ብር ደግሞ አይናገርም፤ ይህኛው ዋና ነው፣ ያኛው ትርፍ ነው የሚል ምልክት የለበትም። ከትርፉም ላይ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የጫኝና የማመላለሻው ሲነሣ ምናልባት 600 ብር ቢተርፈው ነው። እንግዲህ ልብ አድርግ፤ በዚያ ማታ በእጁ ከያዘው ከሃያ ብር አንዱ ያህል ብቻ የእርሱ ነው፤ የቀረው የሌላ ሰው ሁኖ በእርሱ ቤት ያድራል። ያ ልጅ በዚያው ማታ ጓደኞቹን ራት ቢጋብዝ የጋበዛቸው አከፋፋዩ ነው፤ ምስጋናውን ግን እርሱ ይቀበላል። ስለ ሹመት ሲወራ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት ሰምተን እንቈጣለን፤ ነገር ግን ያው በሽታ በትንሿ ሱቅ ውስጥም አለ። በእጄ ያለ ሁሉ የእኔ ነው ማለት የሹማምንት ብቻ ጠባይ አይደለም።

በሰፈራችን ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። ፊደል አልቈጠሩም። በመቀነታቸው ላይ ግን ሁለት ቋጠሮ አለ። አንድ ቀን «እማማ፣ ለምን ሁለት ቦታ ይቋጥራሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ይኼኛው የሰው ነው ልጄ፤ ይኼኛው የልጆቼ ነው። የሰውን በጥርሴ ነው የማጠብቀው፣ እጄ ቶሎ እንዳይፈታው» አሉኝ። የሒሳብ አያያዝ ትምህርት በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር ሞልቶአል፤ መሠረቱን ግን አያሻሽለውም።

«እኔስ መነሻ የለኝም» የሚል ወጣት ይኖራል። እውነት ነው፣ ያለ መነሻ የሚነሣ ሥራ የለም። ነገር ግን አገራችን ለዚህ የቈየ ብልሃት አላት። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ብር የሚጥሉበት እቁብ ቢኖር በየሳምንቱ አንዱ ሰው 20,000 ብር ይወስዳል። ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው «ዕድሌ ቀና» ብሎ ይደሰታል፤ ዘመዶቹም ደስ ይላቸዋል። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት ከኪሱ ያወጣው አንድ ሺህ ብቻ ነውና የዐሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ለሁሉም ሲያበድር ከርሞ የራሱን ገንዘብ ይቀበላል። ዋስ የሚጠራውም ስለዚህ ነው። ዋሱም የሚፈርመው የወዳጁን ኪስ አይቶ አይደለም፤ ኪሱ ባዶ መሆኑን ያውቃል። የሚያየው ጠባዩን ነው። እንግዲህ መነሻ የለኝም ከማለትህ በፊት፣ እቁብ ቢወጣልህ ዋስ የሚሆንህ ማን እንደ ሆነ ቈጥረህ ተመልከት።

ስለ ገንዘብና ስለ ጠባይ ሲነገር የአሜሪካዊው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም ሳይነሣ አይቀርም። ይህ ሰው በ1706 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቦስተን ከሻማና ከሳሙና ሠሪ ተወለደ፤ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ሲማር ቈይቶ በ1723 ኰብልሎ ፊላደልፊያ ገባ። ሰዎች አዘውትረው የሚያወሩለት ወረቀቱን ራሱ በእጅ ጋሪ እየገፋ በአደባባይ ማለፉን ነው። እኔ ግን ይበልጥ የምመለከተው በገዛ እጁ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ያልደበቀውን ነገር ነው። ቬርነን የተባለ ሰው 35 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ከባለዕዳ ተቀብሎ እንዲያስቀምጥለት አደራ ብሎት ነበር፤ ፍራንክሊንም ከተቀበለው በኋላ፣ መጠጥ የሚወድ አንድ ጓደኛው እየተበደረው አደራው ተሸረፈ። በዚያው ሰሞን አንድ አገረ ገዥ ማተሚያ ቤት አቋቁምልሃለሁ ብሎ ተስፋ ስለ ሰጠው ወደ ሎንዶን ተሻገረ፤ ሎንዶን ሲደርስ የተስፋው ደብዳቤ የለም። በ1726 ተመልሶ መጣና በ1728 ከአንድ ባልደረባው ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ቬርነን ገንዘቡን በጠየቀው ጊዜ አልካደም፤ ዕዳውን አምኖ ጥቂት እንዲታገሠው ጻፈለት፤ ታገሠውም፤ እንደ ተቻለውም ዋናውን ከነወለዱ ከፈለው። ማተሚያ ቤቱ በዕዳ ተከስሶ ሊጠፋ ሲቃረብ ደግሞ ሁለት ወዳጆቹ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የሚያስፈልግህን እኔ ላበድርህ አሉት። በ1748 የ42 ዓመት ሰው ሳለ ከዕለት ሥራው አርፎ ወደ ምርምሩ ለመመለስ የሚያስችል ሀብት ነበረው። (ለራሱ ነጻነት ይህን ያህል የደከመው ሰው በቤቱ ባሮች እንደ ነበሩት ሳልነግርህ ባልፍ አታለልሁህ ማለት ነው፤ በ1787 ባርነትን ለማስወገድ የተቋቋመ ማኅበር አለቃ የሆነው በሽምግልናው ነው።)

ይህ ሰው በሕይወቱ ያደረጋቸውን ጥፋቶች እንደ ማተሚያ ሠራተኛ ልማድ የኅትመት ስሕተት እያለ ይጠራቸዋል፤ የቬርነንን ገንዘብ መንካቱንም ከታላላቆቹ መካከል ይቈጥረዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ የጠፋበት መንገድ ነው። ፍራንክሊን አልሰከረበትም፤ በቁማርም አልጨረሰው። በደግነት አጠፋው፤ ጓደኛው ቸገረኝ ሲለው እምቢ ማለት አቃተው።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሱቅ የከፈተ ሰው ቤተ ዘመዱ ሁሉ መሳቢያውን ያያል፤ ቋጠሮውን የሚያይለት ግን የለም። አንድ የማውቀው ሰው ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ በመጠጥ የተጐዳ፣ ከሥራው የተባረረ። በዚያን ጊዜ ቸር ይባል ነበር። ለመጣው ሁሉ ይጋብዛል፤ ሒሳቡ ግን በመጠጥ ቤቷ ባለቤት ደብተር ላይ ይጻፋል። በኋላ መጠጡን ተወ፤ እንዴት እንደ ተወ ረዥም ነገር ነው፣ በአንድ ቀንም አልሆነለትም። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዋስ ሆነውት እቁብ ወሰደና ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ በቆመ በአራተኛው ወር የእናታቸው ተዝካር ደረሰ። ታላቅ እኅቱ መጥታ 8,000 ብር ጠየቀችው። በመሳቢያው ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ ነበረ። እርሱ ግን የራሱ የሆነውን 900 ብር አውጥቶ ሰጣት፤ እንጨት ልፍለጥ፣ ውሃ ላመላልስ፣ ድንኳን ልትከል አለ። እኅቱም «ለመጠጥ ሲሆን ያልጠፋ ገንዘብ ለእናትህ ተዝካር ጠፋ? ሰካራሙ ወንድሜ ይሻለኝ ነበር» አለችው።

ይህን ቃል ሰምቶ መሳቢያውን የማይከፍት ሰው ጥቂት ነው። እርሱ አልከፈተውም፤ እኔም ልክ አደረገ እላለሁ። ጨካኝ ነህ የሚለኝ አይጠፋም። ግን አስተውል፤ ያን ገንዘብ ቢሰጥ ኖሮ ለእናቱ ተዝካር የሚያወጡት እነዚያ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ በመርፌ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። በሰው ገንዘብ የሚደረግ ምጽዋትም እንደዚያው ነው።

እንዲህም ሲሆን ሕጉ እንደ ብረት ድርቅ ያለ ነው አልልም። ከሦስት ወር በኋላ የዚያችው እኅቱ ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ገባ፤ ወዲያው 3,000 ብር አስፈለገ። የልጅ ነፍስና የተዝካር ድግስ አንድ አይደሉም። ሰውየው በዚያው ምሽት ወደ እቁቡ ዳኛ ቤት ሄደ፤ ልብስ ሰፊውንም ይዞአቸው ሄደ። «ከእናንተ ገንዘብ ሦስት ሺህ ብር ለታመመ ልጅ ላወጣ ነው፤ የሦስት ሳምንት ዕጣዬ ይዘገያል። ካልፈቀዳችሁ በዚያው ዋጋ የሱቁን ዘይት ውሰዱ» አላቸው። አጕረመረሙ፤ አንዱማ «የሱቅ በር ሲከፈት የዘመድ በሽታ ይበዛል» ብሎ ዘለፈው። በመጨረሻ ግን ፈቀዱለት። በመስጠትና በመስረቅ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ማታ ያን ያህል ቀጭን ነበር፤ ከሱቁ እስከ ዳኛው ቤት ባለው መንገድ የሚለካ። ሳይናገር ቢያወጣው ልጁ እንዲሁ ይድን ነበር። ነገር ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ መሳቢያውን በከፈተ ቍጥር የሚፈራው ሌላ አለቃ፣ ከቀድሞው አሠሪውም የሚከፋ አለቃ፣ በገዛ ሱቁ ውስጥ ይቀመጥበት ነበር።

ሦስቱን ሳምንት በሁለት ወር ሞላ። እቁቡ ተጠናቆ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር፣ ዕጣው በመጨረሻ እንዲደርሰው ዳኛውን ለመነ፤ ሰዎቹም እንደ ሞኝ ቈጥረው ሳቁበት፤ ቀድሞ የሚደርሰውን ዕጣ በገንዘብ የሚገዛ ሰው ሞልቶአልና። ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ገብቶአል። እኅቱ ስለ ልጁ አመስግናዋለች፤ ስለ ተዝካሩ ግን ይቅር አላለችውም። ስኳር ልትገዛ ወደ ሱቁ ትመጣለች፤ በእጅ በእጅ ከፍላ፣ ሳትቀመጥ ትሄዳለች።