የተረፈው የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የምተዳደረው ዳንግላ ከተማ ውስጥ በብየዳ ሥራ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ባለ ወፍጮ አባት የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ አመጡልኝ። ጊዛ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ስለሚሰነጠቅ የኒኬል ኤሌክትሮድ እንዲገዙ ነገርኳቸው፤ ሙሉ ፓኬት ገዙ። ሥራው አልቆ ብሎኩን ጭነው ሲሄዱ ከግማሽ በላዩ እኔ ዘንድ ቀረ።

ከወራት በኋላ ከእንጅባራ የመጣ በያጅ አይቶት ጥሩ ዋጋ ጠራ። የኒኬል ዘንግ ከተራው በብዙ እጥፍ ይወደዳልና ልቤ ከጀለ። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ያዘኝ።

አንደኛ፣ ንብረቱ የማን ነው? ገንዘቡን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። እኔ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ የእኔ አያደርገውም። አማና ነው፤ አማና ለባለቤቱ እንዲመለስ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ አዟል።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ደህና ነው? ፓኬቱ ተከፍቶ የአገው ምድርን ክረምት አሳልፏል። በዘንጉ ላይ የተለበጠው ዱቄት እርጥበት ይስባል፤ ሲበየድበትም ብየዳው ቀዳዳ ያበጃል። ለዓይን ግን ምንም አይለይም። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ እርጥብ አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ መትቶት መሆኑን ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት።

ወደ ባለ ወፍጮው ላክሁ። «ረስቼው ነበር፤ ሽጥና ለድካምህ ድርሻህን ያዝ» አሉኝ። ለገዢውም «ወንድሜ፣ ፓኬቱ ክረምቱን ተከፍቶ ከርሟል። ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሙቀት ሳታደርቀው እንዳትበይድበት» አልሁት። ዋጋውን ቀነሰ፤ ግን ገዛ።

ወንድሞቼ፣ በሐላል መሸጥ ማለት በርካሽ መጣል ማለት አይደለም። ኒኬልን ለቁራሌው እንደ ተራ ብረት በኪሎ መስጠት የአላህን ጸጋ ማባከን ነው። ማሸጊያውን አትጣሉ፤ ዓይነቱና ውፍረቱ የሚታወቀው በእርሱ ነው። ከተራው ጋር አትቀላቅሉ፤ ዋጋውንም ከሁለት ከሦስት ሱቅ ጠይቁ። ገዢም ብትሆኑ የሻጩን አለማወቅ አትጠቀሙበት።

ሐኪም ኢብን ሒዛም ባስተላለፉት ሐዲስ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ነውሩን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ ያገኛል፤ ከደበቁ ግን በረካው ይጠፋል። እኔ ያጣሁት ጥቂት ብር ነው። ደብቄ ብሸጥ ኖሮ እንጅባራ ላይ የሚሰነጠቀው የሌላ ድኻ ሞተር ነበር፤ የውመል ቂያማ የምጠየቀውም እኔ።

ወላሁ አዕለም።