ያልታወቀውና የማይታወቀው

«ምሥጢር» በቤተ ክርስቲያናችን አንደበት የከበረ ቃል ነው። ሊቃውንት የሃይማኖትን መሠረት ሲያስተምሩ ምሥጢረ ሥላሴን፥ ምሥጢረ ሥጋዌን፥ ምሥጢረ ጥምቀትን፥ ምሥጢረ ቍርባንንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ብለው ይቈጥራሉ። በቅኔ ቤትም ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ከለየ በኋላ መምህሩ «ምሥጢሩስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እንግዲህ ምሥጢር ማለት ጥያቄ የሚከለከልበት ጨለማ አይደለም፤ ከተገለጠልንም በኋላ ተመርምሮ የማያልቅ ጥልቅ ነገር ነው እንጂ።

ነገር ግን ይህን ቃል ለማይገባው ነገር ስናውለው እንገኛለን። ቋንቋችን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ሰጥቶናል። «ያልታወቀ» ሲል ሰው እስካሁን ያልደረሰበትን፥ «የማይታወቅ» ሲል ግን ፍጡር ከቶ ሊደርስበት የማይችለውን ያመለክታል። ምሥጢር መባል የሚገባው ሁለተኛው ነው።

ለፊተኛው በየካ ተራራ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ምሳሌ ይሁነን። ትውፊት ዘመኑን እስከ አብርሃና አጽብሐ ያደርሰዋል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ዕድሜ ይሰጡታል። ከዕለታት አንድ ቀን በዚያ ቆመን ሳለን አንድ ደቀ መዝሙር «የኔታ፥ መቼ ነው የተፈለፈለው?» ብሎ ቢጠይቀን «ልጄ፥ ይህስ ምሥጢር ነው» አልነው። እርሱም እጅ ነሥቶ ዝም አለ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ኅሊናችን ወቀሰን፤ መልሳችን ትሕትና መስሎ የቀረበ ስንፍና ነበረና። ያን አለት የፈለፈለው የሰው እጅ ነው፤ ሰው የሠራውንም ሰው ሊመረምረው ይችላል። «እኛ አላወቅነውም፤ አንተ ተምረህ ድረስበት» ልንለው በተገባን ነበር።

ለሁለተኛው ምስክራችን ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአንጾኪያ ሳለ፥ የእግዚአብሔርን ባሕርይ በአእምሯችን ደርሰንበታል የሚሉትን የአውኖምዮስን ወገኖች በመቃወም፥ ባሕርዩ ለመላእክት እንኳ የማይመረመር መሆኑን ሰበከ። ይኸው ሊቅ ስለ ድኻ መራብ በተናገረ ጊዜ ግን «ምሥጢር ነው» ብሎ አላለፈም፤ ባለጠጎችን ገሠጸ እንጂ። የረኃቡ ምክንያት የታወቀ ነበርና።

ሁለቱን መለየት የቃል ክርክር ብቻ አይደለም፤ የሰው ነፍስ ያለበት ነው። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲጠመቁ ኖረዋል። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላም፥ ፈውስ የእግዚአብሔር ምሥጢር ነው በማለት መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድነት መውሰድ እንደሚገባ በይፋ መከሩ። ሲራክም በመጽሐፉ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምራል። እግዚአብሔር ማንን፥ መቼና እንዴት እንደሚፈውስ የማይታወቅ ነው፤ መድኃኒቱ በየቀኑ ሲወሰድ ቫይረሱ እንዳይባዛ እንደሚገታው ግን የታወቀ ነው። በማይታወቀው ተከልሎ የታወቀውን መተው እምነት ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ የንስሐ ልጅ ቢጠይቀን ሦስት መልስ እንዳለን አንርሳ። የምናውቀውን እንንገረው። ያላወቅነውን «አላወቅሁም፤ የሚያውቅ እንጠይቅ» እንበለው፤ ይህን ማለት ክህነትን አያዋርድም። የማይመረመረው በመጣ ጊዜ ብቻ «ምሥጢር ነው» እንበል፤ ይህንም ስንል ተንበርክከን እንጂ ለመገላገል አይሁን። ቃሉን ለስንፍናችን መሸፈኛ ያደረግነው እንደ ሆነ፥ ስለ ሥላሴ ስንናገረው ሰሚው ያንኑ ስንፍና ይመስለዋል።

ሙሴ በኦሪት ዘዳግም 29ኛው ምዕራፍ የተሰወረውን ለእግዚአብሔር፥ የተገለጠውን ለእኛና ለልጆቻችን ከፍሎ ሰጥቷል። የእርሱን ድርሻ ከመሻማት፥ የራሳችንንም ድርሻ ከመጣል ይሰውረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።